የታጠፈው የናስትሮ ጫፍ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ልጅ ለፒንሳው፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህን፣ ቀጥሎም ሥራህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኛ ደህና ነን። አክስትህ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት፤ እኔም ጆሮዬ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ደውለህ እንዳትደክም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ ዛሬ የራሴን ስልክ የማልሰማ ሰው ሆኛለሁ። ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል፤ በወረቀት የተባለ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ጻፍልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ተናድጃለሁ።

ከስምንት ዓመት በፊት የላክህልን መኪና እስከ ዛሬ አሳፍራን አታውቅም። እህትህ፣ አዋላጇ ልጄ፣ አምስቱን ጤና ጣቢያ የምትዞረው በእሷ ነው። ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሲጠሯት ቁልፏን ይዛ መሮጥ ነው። ባለፈው ሰኞ ግን ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቀይ መብራት በራ። ቀበቶ የታጠቀ ሰው ኳስ ታቅፎ የተቀመጠ የሚመስል ሥዕል አለው። ድሮም ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋ ነበር፤ አሁን በርቶ ቀረ። የኤርባግ መብራት ነው አሉኝ። መኪና ሲጋጭ ከመሪው ውስጥ ተነፍቶ ወጥቶ የሾፌሩን ደረት የሚቀበለው ከረጢት ማለት ነው። መብራቱ ካልጠፋ፣ በክፉ ቀን ላይነፋ ይችላል ተባልኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ሰዉ «ፕሮፌሰር» የሚለው መካኒክ አለ። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አይታወቅም። መኪናዋን አሳየሁት። ምን አለኝ መሰለህ? «ጋሼ፣ ቀላል ነው፤ አምፖሏን ነቅዬ ልጣልልዎት፤ ከዚያ በኋላ አይበራም።»

አይበራም! እኔ «ሬዲዮዬ ይንጫጫል» ብሎ ለመጣ ሰው ስፒከሩን ቆርጬ ሰጥቼ አውቃለሁ? ትኩሳት ለያዘው ሰው ቴርሞሜትሩን መስበር መድኃኒት ከሆነ ሐኪም ሰባት ዓመት ምን ይማራል? እንዲህ አልኩት፤ ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ባሰብኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አንተ ባሕር ማዶ የተጋጨ መኪና የሚታደስበት ግቢ ውስጥ ነው የምትውለው። ከየት እንደምጀምር ንገረኝ። ሽቦ ከሆነ አውቃለሁ፤ ያኔ ፒንሳ ከእጅህ አልለቅ ብለህ በስሟ ስትጠራ፣ ሽቦ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። እህትህ በየቀኑ በዚያ መሪ ፊት ነው የምትቀመጠው፤ አትዘግይብኝ።

እድሜህን ያርዝመው። አጎትህ።


ኅዳር 1

ለማከብርዎት ለጋሼ፤

ናፍቆቴና ሰላምታዬ እርስዎና አክስቴ ባላችሁበት ይድረስ። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት፣ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ፕሮፌሰሩ ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ።

አምፖሏን አለማስነቀልዎ ትክክል ነው። መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች ያለ ኮምፒውተርም ሕመሟን ትናገራለች። ከመሪው ሥር፣ ከሾፌሩ ጉልበት ከፍ ብሎ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ሶኬት አለ። አራተኛውንና አሥራ ሦስተኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ያገናኙና ቁልፉን ያዙሩ፤ ሞተሩን ግን አያስነሡ። ያቺው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ይቁጠሩ። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ ጥቂት ዐርፋ አምስት ጊዜ ከደገመች፣ ሃያ አምስት ማለት ነው። ቁጥሩን ይጻፉልኝና ፍቺውን እልክልዎታለሁ።

ከሾፌሩ ወንበር በታችም ቢጫ ሶኬት ያገኛሉ፤ የኤርባግ ሽቦ ሁሉ ቢጫ ነው። ብዙ ጊዜ እግር ሲገፋው የሚላላው እሱ ነው። ባትሪውን ነቅለው ግማሽ ሰዓት ሳይጠብቁ ግን ቢጫ ነገር እንዳይነኩ። መሪውን ደግሞ ማንም እንዳይከፍተው። ውስጡ ያለው እንደ ርችት ነው፤ ሰው ፊት ላይ ይፈነዳል።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው። ዛሬም ናስትሮ ስጠቀልል ጫፉን አጥፋለሁ። ባልደረቦቼ «ይህ ደግሞ ምን ሥነ ሥርዓት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። «ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ጫፉን በጥፍሩ ሲፈልግ እንዳይውል ነው» እላቸዋለሁ፤ የእርስዎን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ።

እህቴን በጣም ሳሙልኝ። ልጅዎ ፒንሳው።


ኅዳር 24

ለፒንሳው፤

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህ ደርሶን ቤቱ ሁሉ ደስ አለው፤ ደስታው ግን መብራቱን አላጠፋውም።

ያልከውን በሙሉ አደረግሁ። አክስትህ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ከኋላ ተቀመጠች፤ እኔ ስጠራ እሷ ጻፈች። አንድ ጊዜ ብልጭ፣ ዕረፍት፣ ከዚያ አራት ጊዜ። አክስትህ «አምስት ነው፤ አንዱን ዘለልከው» ብላ ድርቅ ስላለች አራት ጊዜ ደገምነው። አሥራ አራት ነው። አሁንም ግን በልቧ አምስት ነው።

የወንበሩን ሥር ቢጫ ሶኬት ባትሪ ነቅዬ፣ ሰዓት ይዤ ጠብቄ ፈታሁት። ዝገት የለው፣ ልል አይደል። ጠርጌ መልሼ ሰካሁት። መብራቱ ወይ ፍንክች!

ፕሮፌሰር ሳይጠራ መጣና መሪውን ግራና ቀኝ እያዞረ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔን ከሰሙኝ ነገሩ ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ እንክፈተው» አለኝ። «አንተ አምፖል ንቀል እንጂ መሪ ማን አሳየህ? ሰው ልትገድል ነው?» አልኩት። ሰው በተሰበሰበበት ነው ያልኩት። «የወንድሜ ልጅ በዚህ ሥራ ያደገ ነው፤ አትክፈቱ ብሏል፤ አንተ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ» ብዬም ጨመርኩ። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ቁልፉን ከእህትህ ቀምቼ ኪሴ ከተትኩት። ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። «አባዬ፣ አንተ መብራት ትፈራለህ፣ እኔ የምፈራው ደም ነው። እኔ እስክደርስ ደም አይጠብቀኝም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሚንቶ በጫነ መኪና ላይ እየተንጠለጠለች ነው የምትሄደው። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። እናትም ልጅም በጭንቅ ተረፉ። ቤት ገብታ ልብሷን አራግፋ ወደ መኝታዋ ሄደች።

እንግዲህ አሥራ አራት ምን ማለት እንደሆነ ጻፍልኝ። እሷን ከመሪው ያራቅኋት በአንተ ቃል ነው፤ ወደ መሪው የምመልሳትም በአንተው ቃል ነው።

አጎትህ።


ጥር 15

ለማከብርዎት ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አሥራ አራት ማለት የላላ ሽቦ ነው። በአሮጌ መኪና የተለመደ ነገር ነው፤ ጉዳት የለውም። እህቴ ቀበቶዋን እስከታጠቀች ድረስ ትንዳ። ሰው እየጠበቃት በሲሚንቶ መኪና መንገላታቷ ተገቢ አይደለም።

ፕሮፌሰሩን መመለስዎ ጥሩ ነው። መሪውን ማንም እንዳይነካው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ክላክሱን ሲጫኑ የመሪው መሃል ጠጣር ነው ወይስ ሰፍነግ የነኩ ያህል ይገባል? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ደግሞ መኪናዋ አርጅታለች። ብትሸጧትስ? ሌላ የተሻለች ፈልጌ እልካለሁ።

በርቱልኝ። ፒንሳው።


የካቲት 12

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታውን ዛሬ ለአክስትህ ትቼዋለሁ፤ ከቻለች እሷ ትላክልህ።

ደብዳቤህ የካቲት 2 ደረሰ። «ጉዳት የለውም» የሚለውን ለእህትህ ሁለት ጊዜ አነበብኩላትና ቁልፉን በእጄ ሰጠኋት። ደስ ብሏት ግንባሬን ሳመችኝ። የካቲት 5 ጠዋት ወደ ሦስተኛው ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ኩርባው ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና መስመሯን ይዞ መጣባት። ፍሬን ያዘች፤ አልበቃም። ፊት ለፊት ተጋጩ። የመኪናዋ አፍንጫ እስከ ሞተሩ ድረስ ተጨማድዷል። ከመሪው ግን ምንም አልወጣም።

ቀበቶ ታጥቃ ስለነበር በሕይወት አለች። የደረቷ አጥንት ተሰንጥቋል፣ ሁለት ጎድኗ ተሰብሯል፣ አገጯ መሪው ላይ ተተርትሮ ተሰፍቷል። ስትተነፍስ እጇን ደረቷ ላይ ትጭናለች። ስንቱን ሕፃን በእጇ የተቀበለች ልጅ፣ የእሷን ደረት የሚቀበል ጠፋ።

በነጋታው የሰደብኩትን ሰው ደጁ ድረስ ሄጄ ጠራሁት። አልተኮራብኝም። ዕቃውን አንሥቶ ተከተለኝ። ባትሪውን ነቀልን። አንተ እንዳልከው ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እኔ የአክስትህን ትልቅ ትሪ ደረቴ ላይ ይዤ፣ ፕሮፌሰር ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በረጅም ካቻቢቴ መፍታት ጀመረ። ይፈነዳል ብለን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ትንፋሻችንን ዋጥን። ሽፋኑ ተነሣ።

ስፖንጅ። የትራስ ስፖንጅ፣ በልኩ ተቆርጦ፣ በማስቲሽ የተለጠፈ። ትሪዬን ይዤ እንደ ቂል ቆሜ ቀረሁ።

ከረጢቱ መኖር በነበረበት ቦታ፣ ቢጫው ሽቦ ጫፍ ላይ፣ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ፕሮፌሰር መቁረጫ ሊያቀብለኝ እጁን ዘረጋ። «ተወው» አልኩት። አያስፈልግም ነበር። የናስትሮው ጫፍ ታጥፏል። በጥፍር ስፋት፣ ወደ ውስጥ፣ በአንድ ወገን ሰያፍ ተደርጎ። ስስበው በአንድ ጊዜ ተፈታ።

ውስጧ ሬዚስተር ነው፣ ያቺ ሬዲዮ ውስጥ ኤሌክትሪክ የምትገታው ትንሽ ዕቃ። ቀይ፣ ቀይ፣ ወርቃማ። ይህን ቀለም ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ነጥብ ሁለት ኦም። የመኪናዋን ኮምፒውተር «ከረጢቱ በቦታው አለ» እያለች ስምንት ዓመት ስትዋሸው የኖረች ሬዚስተር። የአንድ ጎኗ ብየዳ በመንገዱ መንጓጓት ተሰነጠቀና መዋሸት አቃታት። ቀዩ መብራት የበራው ያን ቀን ነው።

ናስትሮ ጠቅልሎ ጫፉን እንደዚያ ሰያፍ የሚያጥፍ ሁለት ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አንዱ እኔ ነኝ።

ለፕሮፌሰር ምንም አላልኩትም። እሱ ግን ሥራውን አገላብጦ አይቶ «ጋሼ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የዚህ ሰው እጅ ንጹሕ ነው» አለኝ። ሬዚስተሯን ከነናስትሮዋ ኪሴ ከተትኳት።

አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። «መሪውን ማንም አይንካ» ያልከው፣ «ጠጣር ነው ወይስ ይገባል» ብለህ የጠየቅኸው፣ ሽጧት ያልከው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነውና በላላ ሽቦ አሳበብክ። እኔ ደግሞ አንተን አምኜ እውነቱን የነገረኝን ሰው በአደባባይ አዋረድኩ፤ ልጄንም በእጄ ቁልፍ ሰጥቼ ላክኋት።

የሆነውን ጻፍልኝ። ምክንያት አይደለም የምፈልገው፤ የሆነውን።

አጎትህ።


መጋቢት 5

ጋሼ፤

ሰላምታ ለመላክ ፊት የለኝም። እህቴን ፈጣሪ ይማርልኝ።

የሆነውን እጽፋለሁ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ግቢው ውስጥ የሰጡኝ ሥራ መሪ ነበር። የተጋጨ መኪና ይገዛሉ፤ ከረጢቱ ፈንድቶ ያለቀ ነው። አዲስ ከረጢት ማስገባት ዋጋው ብዙ ነው። መሪዎቹ ተፈትተው በሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣሉ። እኔ ሬዚስተሯን እበይዳለሁ፣ ናስትሮ እጠቀልላለሁ፣ ስፖንጅ እሞላለሁ፣ ሽፋኑን እለጥፋለሁ። ሳጥኑ ይሄዳል። የየትኛው መኪና እንደሆነ አላይም። መጀመሪያ ሲያሳየኝ አለቃችንን ጠይቄው ነበር። «እነዚህ ወደ ውጭ የሚላኩ ናቸው፤ እዚያ ማን ይመረምራል?» አለኝ። «እዚያ» ሲል እኛን ማለቱ ነበር። ሰማሁት፤ ሥራውን ጀመርኩ።

መኪናዋን ልልክላችሁ ስመርጥ አለቃችንን «ንጹሕ ናት?» አልኩት። «እንደ እንቁላል» አለኝ። የሚዋሽ ሰው እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ማመን ፈለግሁ፣ አመንኩ። መሪውን ከፍቼ ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። አላየሁም።

«አሥራ አራት» ብለው ሲጽፉልኝ ወዲያው ገባኝ። አሥራ አራት ማለት የሾፌሩ ከረጢት መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ መልሱን እየጻፍኩ ቀደድኩ። ምናልባት ሽቦ ብቻ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱን ከጻፍኩ እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ካልጻፍኩ ደግሞ ምናልባት ምንም አይመጣም። ይህን መረጥኩ።

አሁን ያንን ሥራ ሌላ ሰው ይሠራዋል። እኔ የመብራት ሽቦ ክፍል ነኝ።

ጋሼ፣ የእህቴ መኪና መሆኑን ባውቅ ኖሮ እጄን በቆረጥኩ ነበር። ለሕክምናዋ የሚያስፈልገውን ሁሉ እልካለሁ። አዲስ መኪናም እልካለሁ፤ መሪውን ራሴ ከፍቼ አይቼ።

ይቅር ይበሉኝ።


ሚያዝያ 2

ለወንድሜ ልጅ፤

ደብዳቤህን አነበብኩት። እስከ መጨረሻው ግድም ድረስ ልቤ እየራራልህ ነበር፤ ውሸት አልነበረበትምና። ከዚያ ያ መስመር መጣ። «የእህቴ መኪና መሆኑን ባውቅ ኖሮ።» ከወንበሬ ተነሥቼ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። አክስትህ ልቤ የቆመ መስሏት ውሃ ይዛ ተከተለችኝ።

ምን ማለት ነው ይሄ? የሌላ ሰው እህት ብትሆን ኖሮ እጅህ ደህና ነበር ማለት ነው? ሌሎቹ እናት አልወለደቻቸውም? አንተ ያንን መስመር ይቅርታ ብለህ ጻፍከው፤ እኔ ግን ከሬዚስተሯ ይልቅ የከፋኝ እሱ ነው። ሬዚስተሯን አራት ዓመት ሠራህ፤ ይህን ግን የጻፍከው እህትህ ቆስላ ከተኛች በኋላ ነው።

እህትህ እንድጽፍልህ ያዘዘችኝ አለ። ደብዳቤህን አንብባ ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝና «አባዬ፣ የኔ እኮ አንድ ናት፤ የተቀሩት የት ናቸው?» አለች። መሳቅ ስለማይፈቀድላት አልሳቀችም፤ ማልቀስም እንደዚያው። እኔ ግን ቃሏን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከእናንተ ግቢ የመጡ መኪኖች የኋላ መስታወታቸው ላይ የግቢያችሁ ምልክት ተለጥፎባቸዋል። እኔና ፕሮፌሰር በከተማው ዞረን አሥራ አንድ አገኘን። ዘጠኙ ባለቤቶች መሪያቸውን እንድንከፍት ፈቀዱልን። አራቱ ውስጥ ስፖንጅ ነው። አንዱ የዳቦ ቤቱ ሰው ነው። አንዷ የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ የጎረቤቶቿን ልጆች እየጫነች ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ሽፋኑን ስናነሣ ተማሪ እንደምትጠይቅ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ማን እንደሠራውም ነገርኳት፤ ፕሮፌሰር አጠገቤ ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ብሎኖቹን ይሰበስብ ጀመር። ያ ከስድብ ባሰብኝ።

የአራቱም መብራት አልበራም። ብየዳህ ጠንካራ ነው። የእኛስ መኪና ነግራን ነበር፤ አንተን ሰምተን እሷን አልሰማናትም።

የአራቱንም ናስትሮ በጥፍሬ ፈታሁት። አንዱም አላስቸገረኝም። ከኋላህ ለሚመጣው ሰው እጠፍለት ብዬ ነበር ያስተማርኩህ። አጥፈህለታል። ከኋላህ የመጣሁት እኔ ነኝ።

ብር አትላክ፤ መኪናም አትላክ፤ አልጠየቅሁህም። የምጠይቅህ ይህ ነው፤ ባለህበት አገር መኪና የሚመረምሩ ሰዎች ይኖራሉ። ሄደህ በአፍህ ተናገር። ስንት እንደሠራህ፣ ዛሬም ማን እንደሚሠራ። ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣም ከሆነ ይጠፋል ብለህ እንዳትቀመጥ፤ ይህ ስምንት ዓመት ገፍቶ የወጣው በልጄ ደረት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ያቺን ሬዚስተር ከነናስትሮዋ ፖስታው ውስጥ ከትቻታለሁ። የአንተ ናት፤ ይዘሃት ሂድ። ሄጄ ተናገርኩ ብለህ እስክትጽፍልኝ ድረስ ሌላ ደብዳቤ ከእኔ አትጠብቅ።

አጎትህ።


ግንቦት 11

ለማከብርዎት ለጋሼ፤

ሰላም ለቤቱ ሁሉ ይሁን። ሄጄ ተናገርኩ።

ደብዳቤዎን ዐሥራ ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፤ እሱንም ሳልሰውር እነግርዎታለሁ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሥራ አልገባሁም። የመኪና መርማሪዎቹ ቢሮ ወረፋ ቁጥር ሰጥተውኝ ከሰዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ የጠፋበትን ሰሌዳ ሊያስመዘግብ የመጣ ነው፤ «አንተስ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ሬዚስተር በጣቴ ዳበስኳት።

መነጽር ያደረገች ሴትዮ ነች የተቀበለችኝ። ሬዚስተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስንት መሪ እንደሠራሁ ጠየቀችኝ። ከሦስት መቶ አያንስም አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። የት የት እንደተላኩ ዝርዝር እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ የለኝም፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ሳጥን ብቻ ነበር። «ታዲያ አንዱ ተገኝቶ ቢከፈት፣ ያንተ ሥራ መሆኑን በምን እናውቃለን? ናስትሮ ማንም ይጠቀልላል» አለች።

«ጫፉን እዩት። የኔ የታጠፈ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም መሰለኝ። ከመሳቢያዋ አንድ ጥቅል ናስትሮ አውጥታ እርሳሷን ሰጠችኝና «እስቲ ጠቅልለህ አሳየኝ» አለች። ጠቀለልኩ። ሳላስበው እጄ ጫፉን አጠፈው፤ ሰያፍ አድርጎ፣ ወደ ውስጥ። «ለምንድን ነው የምታጥፈው?» አለችኝ። ነገርኳት። የእርስዎን ቃል እንዳለ ነገርኳት፤ ግን አፌ ውስጥ ተሰበረብኝ። እሷም እየሰማች ጻፈችው። ከዚያ እርሳሱን ከነናስትሮው ፖስታ ውስጥ ከታ አሸገችና ላዩ ላይ ስሜን ጻፈች።

ግቢው ተዘግቶ እየተፈተሸ ነው። እኔም ሥራ የለኝም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል ብለውኛል። አልጽፍልዎትም ብዬ ነበር፤ ያስተማሩኝ መደበቅን አይደለምና ጻፍኩት።

ስለዚያ መስመር ብዙ አሰብኩ። እውነትዎን ነው። አስተማሪዋን፣ የጫነቻቸውን ልጆች፣ የዳቦ ቤቱን ሰው አላውቃቸውም ነበር። አሁን እያንዳንዱን ሳጥን ሳስብ የሚታየኝ ሰው ነው። ፕሮፌሰሩን ስለ እኔ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ሌላ የምለምንዎት ነገር የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ቢበዛ አንዲት መስመር። እህቴ ስትተነፍስ አሁንም እጇን ደረቷ ላይ ትጭናለች?

የወንድምዎ ልጅ።